ሐሙስ ብዬ ነበር

ሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን 1988 ዓ.ም.

ጾም ገባ። የቅበላው ሥጋ ገና ከሆዴ አልወረደም። ረፋዱ ላይ ከጫኖ መንደር በአይሱዙ ጭነው አንድ ሰው አመጡ። ካሱ ይባላል፤ ሙዝ የሚያለማ ገበሬ ነው፣ ደረቱ ሰፊ፣ ጎልማሳ። የመስኖው ተራ የእኔ ነው፣ የለም የእኔ ነው ሲባባሉ ጎረቤቱ ኦይታ በመቆፈሪያ እጀታ ግራ ጎኑን አደቀቀው። ጎድኖቹ ከፊትም ከኋላም ተሰብረዋል። አየር ሲስብ ያ የደረቱ ክፍል መነፋት ሲገባው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከንፈሩ ጠቁሯል።

እኔና የሰመመን ባለሙያው ተስፋጽዮን በአፉ በኩል ወደ አየር ቧንቧው ቱቦ አስገባንለት። አሁን መተንፈሻ ማሽኑ ላይ ነው። በአንድ ሙከራ ገባ፣ እጄም አልተንቀጠቀጠም። ይህን የምጽፈው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመኩራራትም ነው።

ማክሰኞ 12

ዛሬ ኢድ ነው። ሲስተር ሙባረካ ፈቃድ እያላት ከሶላት በኋላ አዲስ ልብሷን እንደለበሰች ብቅ አለች። «እናንተ ስትጀምሩ እኛ ጨረስን» ብላ አሾፈችብኝ። ከዚያ ጋዋኗን ከላይ ደርባ ሥራ ጀመረች። እዚሁ ከተማችን ሲቀላ ሰፈር ተወልዳ ያደገች ናት፣ ጋሞኛ እንደ አፍ መፍቻዋ ትናገራለች። እሷ ባትኖር ከግማሾቹ ሕመምተኞቼ ጋር የምንግባባው በእጅ ምልክት ነበር።

ስለ ማሽኑ ትንሽ ልጻፍ። ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ሲሄዱ ትተውልን የሄዱት ነው፣ በሆስፒታላችን ያለው አንድ እሱ ብቻ። ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ተስፋጽዮን ዳንቴል ያለብሰዋል፣ ቴሌቪዥን ይመስል። ለካሱ የሚሠራለት ሥራ ቀላል ነው፤ አየር ከውስጥ እየገፋ የተሰበሩትን ጎድኖች ደግፎ ያቆያል፣ አጥንቱ እስኪያያዝ። ቶሎ ካወጡት ደረቱ ተመልሶ ይሰረጉዳል። ካዘገዩት ደግሞ ቱቦው ራሱ ለሳንባ ሕመም በር ይከፍታል። ስለዚህ ጥያቄው ሁሉ መቼ የሚለው ነው።

ዶክተር ወልደየሱስ፣ ቀዶ ሐኪማችንና አለቃዬ፣ ካሱን አይተው ሲወጡ «ማስገባቱን ብዙ ሰው ይችለዋል ልጄ፣ ሐኪም የሚለየው ሲያወጣ ነው» አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። አውቃለሁም።

ካሱ ከሰዓት በኋላ ነቃ። ዓይኑ ጥርት ያለ ነው፣ የምንለውን ይሰማል። ወዲያው እጁን ወደ ቱቦው ሰደደ። ሁለቱንም እጆቹን በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር አሰርናቸው። ሚስቱ አገኘሽ ስናስረው ፊቷን አዞረች።

ዓርብ 15፣ ማታ

ዛሬ ሽማግሌዎች መጡ። አራት ናቸው፣ ከደጋው ከገረሴ በኩል የወረዱ። ትልቁ አቶ አይዛ ይባላሉ፤ ቀጭን ዘንግ ይዘዋል፣ ሲናገሩ አይቸኩሉም። ሙባረካ አስተረጎመችልን። መጀመሪያ የጠየቁኝ ይህ ሰው ሞቷል ወይስ አለ ብለው ነው። አለ አልኳቸው። እንግዲያው ራሱ ይተነፍሳል ወይ አሉኝ። ማሽኑ ይተነፍስለታል አልኩ። እርስ በርሳቸው ረዘም አድርገው ተነጋገሩ።

ነገሩን ሙባረካ ነች ያስረዳችኝ። ካሱ ከሞተ ነገሩ ደም ነው፤ የኦይታ ዘመዶች በሙሉ መሬታቸውን ጥለው ይሰደዳሉ፣ ዓመታት አልፎ የማንጻቱ ሥርዓት እስኪፈጸም ከካሱ ወገን ጋር እሳት አይጫጫሩም፣ ከአንድ ጣሪያ በታች አይገቡም። ከዳነ ግን ቁስል ነው፤ በሬ ታርዶ፣ ካሳ ተከፍሎ ይታረቃሉ። ሞቶም ድኖም ላልሆነ ሰው ግን አባቶች የተዉላቸው ሕግ የለም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ቆሟል። ኦይታ እስር ቤት ነው። የሁለቱ ወገን ሴቶች አንድ ገበያ አይወጡም። ውሃው ላይ ተገናኝተው እንዳይጋደሉ ብለው ቦዩን ራሱ ዘግተውታል። የካቲት ነው፣ ሰማዩ ደረቅ ነው፣ የዚያ ሁሉ ሰው ሙዝ እየጠወለገ ነው።

ደነገጥኩ፤ ደስም አለኝ፣ አልዋሽም። በአንድ አሮጌ ማሽን የአንድ አገር ሕግ አስቁሜያለሁ። አቶ አይዛ «ታዲያ የሚለየው መቼ ነው?» ሲሉ ሳላመነታ «ሐሙስ ቱቦውን እናወጣለን፣ ራሱ ይተነፍሳል» አልኩ።

ሲወጡ ሙባረካ ኮሪደሩ ላይ አስቆመችኝ።

«ዶክተር፣ ቀን ሰጠሻቸው እኮ።»

«ሰጠሁ።»

«እዚህ አገር ሽማግሌ ፊት የተሰጠ ቀን መሐላ ማለት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።»

ሐሙስ ይወጣል አልኩ፣ ይወጣል። ለምን ሐሙስ እንደመረጥኩ አሁን ሳስበው እስከዚያ ጎድኖቹ ለመያያዝ በቂ ጊዜ ስለሚያገኙ ነው። በሕክምና መጽሐፉም ቢሆን እንዲያ ነው፣ ከሞላ ጎደል።

እሑድ 17

ሻማና ሳሙና ልገዛ ረሺድ ሱቅ ሄድኩ። የሙባረካ አጎት ነው፣ ሲቀላ ገበያው ጥግ ያለው ጅምላ ሻጭ። ስኳር እየመዘነ ቀና ብሎ «ሐሙስ ነው አሉ?» አለኝ። ስለ ምን እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ቀኑ ደጋ ላይ ዱቡሻቸው፣ ማለት የሸንጎ ሜዳቸው ላይ ታውጇል። በሬው ተገዝቷል ይላሉ።

ከኋላዬ ሁለት የውሃ ኮሌጅ ተማሪዎች ቆመው ነበር። አንደኛው በሹክሹክታ «ሴቷ ዶክተር ደፋር ናት» አለው ለጓደኛው። ያላሰብኩትን ቴምርም ገዝቼ ወጣሁ።

ካሱ ደህና ነው። ደረቱ መሰርጎዱን ቀንሷል። ጠዋት ስገባ ዓይኑን ፊቴ ላይ ይተክላል። ፈገግ እልለታለሁ። ሐሙስ፣ ካሱ።

ረቡዕ 20

ትኩሳት ጀመረው። ብዙ አይደለም። ከቱቦው የሚመጠጠው አክታ ወፍሯል፣ ቢጫ ሆኗል። ተስፋጽዮን ሁለት ቀን እንታገሥ ይላል። ዶክተር ወልደየሱስ አዲስ አበባ ስብሰባ ሄደዋል። ቱቦው ነው እኮ ኢንፌክሽኑን የሚያመጣው፣ ስለዚህ ማውጣቱ ራሱ ሕክምና ነው። ተስፋጽዮንን እንዲህ አልኩት። «እንዳልሽ» አለኝ። እንዳልሽ የሚለውን ሲል አልወደውም።

ሽማግሌዎቹ ለነገው ዛሬውኑ ወርደው ግቢያችን ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ሰፍረዋል። ከነሱ ጋር ሌላም ብዙ ሰው አለ፤ የካሱ ወገን በዚህ፣ የኦይታ ወገን በዚያ።

ሐሙስ 21፣ ጠዋት

ሌሊቱን ደህና አደረ። ትኩሳቱ ያው ነው። አውጥተነዋል። እየተነፈሰ ነው። ፈጠን ፈጠን ይላል፣ ግን እየተነፈሰ ነው። ሙባረካን ወጥተሽ ንገሪያቸው አልኳት። የሴቶቹ እልልታ እስከዚህ ይሰማል።

ሐሙስ፣ ማታ

ቀትር ላይ መልሰን አስገባነው።

እልልታው ገና ሳይበርድ ነው የጀመረው። መጀመሪያ የአፍንጫው ቀዳዳ ይርገበገብ ጀመር፣ ከዚያ አንገቱ ላይ ያሉት ጅማቶች ወጡ፣ ደረቱ እንደገና መሰርጎድ ጀመረ። ሲያስለው አክታው አይወጣለትም። እኔ ያልፍለታል፣ ያልፍለታል እያልኩ ኦክስጅን ጨመርኩ። ተስፋጽዮን ቱቦውን አዘጋጅቶ ቆሞ ሲያየኝ ነበር። ካሱም ያየኝ ነበር። መናገር አልቻለም፣ እጄን ግን እስኪያመኝ ጨበጠው። ዓይኑ ሲገለበጥ ነው እንመልስ ያልኩት። ጉሮሮው አብጦ በመጀመሪያው ሙከራ አልገባም። በሁለተኛውም። ተስፋጽዮን ነው ያስገባው። ልቡ መምታት አቁሞ ነበር ማለት አልችልም፤ የደም ሥሩን ምት ግን ጣቴ ሥር አጥቼው ነበር።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። እኔ ግን አልቸኮልኩም፤ ያሰብኩበት ውሳኔ ነው። ትኩሳቱ ከዚህ በላይ እንደሚወጣ ማን ያውቃል? ነገም ቢሆን፣ ከነገ ወዲያም ቢሆን ያው ሊሆን ይችል ነበር። ሳንባው ነው እንጂ ቀኑ አይደለም።

ለሽማግሌዎቹ ሙባረካ ነገረቻቸው። እኔ መውጣት ነበረብኝ። ሕመምተኛ ጥዬ መውጣት አልችልም ብዬ ቀረሁ። ማምሻውን በመስኮት ሳይ ዋርካው ሥር ማንም አልነበረም። ሣሩ ተረጋግጦ ተኝቷል።

እንቅልፍ አልመጣም። እጄ ላይ የጥፍሩ ምልክት አለ።

ዓርብ 22

የሳንባ ምች ነው። ራጁ ግልጽ ነው። ፔኒሲሊንና ጄንታማይሲን ጀመርን።

ረፋዱ ላይ መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩም እምቢ አለ። በእጅ የሚጨመቀውን ፊኛ፣ አምቡ የምንለውን፣ ከቱቦው ጋር አያይዘን ያዝነው። ቀላል ሥራ ይመስላል። እየጨመቁ ትንሽ ከቆዩ ግን ጣት ይደርቃል፣ ማቆም ደግሞ አይቻልም። እኔ፣ ሙባረካ፣ ተስፋጽዮን፣ አገኘሽ እየተቀያየርን ቆየን። የካሱ ወንድሞች በትናንቱ ተቆጥተው ወደ ጫኖ ሄደዋል። ከዚያ ወሊድ ክፍል ጠሩኝ። ተስፋጽዮን ቀዶ ጥገና ክፍል ገባ። አገኘሽ ክንዷ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመው ነበር፣ ጋቢያቸውን ዝቅ አድርገው ወገባቸው ላይ የታጠቁ። ሙባረካ ጆሮዬ ላይ የኦይታ አባት ናቸው አለችኝ። ሌሎቹ ሲሄዱ እሳቸው አልሄዱም፤ ሌሊቱን አጥሩ ሥር አድረዋል። እኔ ልጭመቅለት ብለው ጠየቁ። እንኳን የእሱን ትንፋሽ ሊይዙ፣ ከእሱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር መግባታቸው ራሱ በሕጋቸው ነውር ነው፤ ጎሜ ይሉታል፣ የማይነካውን መንካት። የሚፈቅድላቸው የካሱ ወገን ነው፣ ያ ወገን ደግሞ በዚያ ሰዓት አገኘሽ ብቻዋን ነበረች።

አገኘሽ መጭመቋን ሳታቆም የካሱን ፊት አየች። ከዚያ ፊኛውን ለሙባረካ ሰጥታ፣ ሙባረካ ለሳቸው አቀበለቻቸው። ከእጅ ወደ እጅ አልተቀባበሉም። አገኘሽ ወደ ግድግዳው ዞራ ተቀመጠች። ሽማግሌው መብራት እስኪመጣ፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ጨመቁ። ስመለስ ይጸልዩ ነበር ወይስ ይቆጥሩ ነበር አላውቅም። ካሱ ሲያያቸው ነበር።

እኔ አሥር ዓመት ተምሬ የማላውቀውን ዓይነት ሕክምና አየሁ። 

ቅዳሜ 23

ትኩሳቱ አልወረደም። ሰኞ እናየዋለን።

ሰኞ 25

ትኩሳቱ ወረደ። አክታው ቀጠነ። ተስፋጽዮን ማሽኑን ቀነስ አድርጎ ራሱ እንዲስብ ሞከረው፣ ሳበ። «እሮብ ሐሙስ እናውጣው» አለኝ። ሐሙስ የሚለውን ቃል ሆን ብሎ ነው ያለው አልልም። መድኃኒቱን ሳይጨርስ አይሆንም አልኩት። የሚቀጥለው ሰኞ ይሻላል። መቸኮል የለም።

ረሺድ ሱቅ አልሄድኩም። ሻማ አለኝ።

ረቡዕ 27

ዶክተር ወልደየሱስ ተመለሱ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሐሙስን ጨምሮ። አልተቆጡም፣ ቢቆጡ ይሻል ነበር። እንዲህ እያለ የሚቀጥል ከሆነ አንገቱን ቀድደን ቱቦውን በዚያ እናዞረዋለን፣ ለሰኞ ተዘጋጂ አሉኝ።

ካሱ ጭንቅላቱን ከትራስ ቀና አድርጎ ያቆያል። ዛሬ ሁለቴ ሳይጠየቅ አደረገው፣ እኔን እያየ። የማሽኑ ድርሻ እያነሰ የእሱ እየበዛ ነው። ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን በአንድ ምልክት አይወሰንም። አዲስ ራጅ እፈልጋለሁ። ፊልም የለም ተባለ። ፊልም ሳይኖር እንዴት ይወሰናል?

ሐሙስ 28

ፊልም መጣ። ሳንባው ከሞላ ጎደል ጠርቷል። ከሞላ ጎደል ማለት ግን ሙሉ በሙሉ ማለት አይደለም። ግራው ግርጌ ላይ ጥላ አለ። ተስፋጽዮን የልብ ጥላ ነው ይላል። ሊሆን ይችላል።

«ዶክተር፣ ሰውየው ተዘጋጅቷል» አለኝ።

«ሰኞ አልኩ።»

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» አለና ዳንቴሉን ማጠፍ ጀመረ።

ጥንቃቄ ሌላ፣ ያ ሌላ። እኔ የምሠራው በጥንቃቄ ነው። ምሳ ላይ ብዙ አሰብኩበትና ልክ መሆኔን አረጋገጥኩ። ከጠዋት ዙር በቀር ወደ ካሱ ክፍል አልገባሁም፣ ሥራ በዝቶብኝ። ዓይኑ ይከተለኛል።

ቅዳሜ 30

ከጫኖ የመጣ ሰው ሙዙ ቅጠሉን መጣል ጀምሯል ብሎ አወራ። ከሁለቱም ወገን ወጣቶች ቦዩ አጠገብ ዱላ ይዘው ታይተዋል። እንግዲህ ምን ላድርግ? እኔ ሐኪም ነኝ፣ ቦይ ጠባቂ አይደለሁም። ሰኞ ሩቅ አይደለም።

ቅዳሜ፣ ማታ

ጠዋቱን የጻፍኩት ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላል። ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሙባረካ ሽማግሌዎቹ ሳር ይዘው መጥተዋል ስትለኝ ቀን ሊጠይቁኝ ነው ብዬ በልብስ ማጠቢያው በር ልወጣ ነበር። አልደረስኩም። አራቱም ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር፣ እያንዳንዳቸው እርጥብ ሳር በሁለት እጃቸው ይዘው። የጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ የተጣላ ሰው ዱላውን ይጥላል፤ እምቢ ያለ ቤቱም ከብቱም አይባረክለትም። ይህን አውቃለሁ። በእኔ ፊት ይንበረከካሉ ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም። ሲሚንቶው ላይ ተንበረከኩ። አቶ አይዛን በክርናቸው ላነሳቸው ሞከርኩ፣ አልተነሱም። እሳቸው ተናገሩ፣ ሙባረካ ተረጎመችልኝ።

«ቀን የሚቆርጠው ሽማግሌ ነው። ትንፋሽ የአንቺ አይደለም፣ የእኛም አይደለም። ሐሙስ ስትይን፣ ልጅ ናት፣ ታግሰን እንጠይቃት ማለት ሲገባን ወስደን አደባባይ ላይ አወጣነው። አስጨነቅንሽ። ጥፋቱ የእኛ ነው። ያን ቀን ከላይሽ አንስተናል፤ አንቺም ይቅር በይን።»

ሳሩን ተቀበልኩ። አለቀስኩ፣ ሕመምተኞቹ ሁሉ እያዩኝ። ይቅርታ የምትጠይቀው እኔ ነበርኩ፤ ላለፉት ቀናት ኮሪደሩን በሌላ በር የምዞረው እኔ ነበርኩ። ይህንንም ነገርኳቸው። ሙባረካ መተርጎሟን አላውቅም።

ከዚያ ካሱ ዘንድ ለመግባት ፈቃድ ጠየቁ። ደም ይሁን ቁስል ገና አልተለየም፣ ነገር ግን ወጣቶቹ ከመጋደላቸው በፊት ካሱ በልቡ ይቅር ማለቱን ማወቅ አለባቸው። የኦይታ አባት አብረዋቸው ገቡ። አገኘሽ በራስጌው ቆመች። ሽማግሌዎቹ አልጋው ሥር ተንበርክከው ሳሩን ዘረጉለት። ካሱ አያቸው። ክንዱ ተንቀሳቀሰና ፋሻው ያዘው።

ሙባረካ የታሰረ ሰው እርቅ እርቅ አይባልም አለችኝ፤ ሳሩን በገዛ እጁ መያዝ አለበት። ተስፋጽዮንን አየሁት። ትከሻውን ነቀነቀ። የቀኙን ብቻ ብዬ ፋሻውን ራሴ ፈታሁት።

ካሱ ሳሩን ተቀበለ። አንስቶ በተሰበረው ጎኑ ላይ አሳረፈው። የኦይታ አባት ግንባራቸውን የአልጋው ብረት ላይ ደፍተው አለቀሱ፣ አገኘሽም እጇን ትከሻቸው ላይ አደረገች። ሁላችንም ወደዚያ አየን። እኔም አየሁ። ልክ በዚያን ጊዜ የማሽኑ ድምፅ ተለወጠ፤ አየር በባዶ ሲፈስ ያፏጫል። ዞር ስል ቱቦው ከሳሩ ጋር ካሱ እጅ ውስጥ ነበር። ስቦ አውጥቶታል።

አሳለው፣ ደም የነካው አክታ ተፋ፣ እንደገና አሳለው። ተስፋጽዮን ጉሮሮ መክፈቻውን መብራቱን አብርቶ እጄ ላይ አኖረው። ሽማግሌዎቹ ከጉልበታቸው አልተነሱም። ያ ጥላ፣ ያልተጨረሰው መድኃኒት፣ ያ ሐሙስ፣ የጠፋብኝ የደም ሥር ምት፣ ሳምንቱን ሙሉ የሰበሰብኳቸው ምክንያቶች ሁሉ አንድም ሳይቀር መጡ። መልሺው፣ መልሺው ይሉኛል። መመለስ ቀላል ነበር። ማንም አይወቅሰኝም ነበር።

«እናስገባ?» አለ ተስፋጽዮን።

«ቆይ።»

ደረቱን አየሁ። ግራው ከቀኙ ጋር ተነሳ፣ አብሮ ወረደ። እንደገና ተነሳ። አንገቱ ላይ ጅማት አልወጣም። ከንፈሩን አየሁ፣ ቀይ ነው። ሲያስለው አክታው በራሱ ጉልበት ይወጣል፣ ይህን ያን ሐሙስ አላደረገውም። አቶ አይዛ ቀንም ሰዓትም አይጠይቁኝም። መክፈቻውን በጣም ጨብጬው ስለነበር ጣቶቼ ደነዘዙ። ይህን ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ያየሁት መሰለኝ፤ ራጁን ሳይሆን፣ ቀኑንም ሳይሆን።

«ማሽኑን አጥፋው» አልኩት ተስፋጽዮንን።

አጠፋው። ክፍሉ ውስጥ የካሱ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ሻካራ ነው፣ የራሱ ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 3

ካሱ ተቀምጧል። አንገቱን መቅደድ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ቁስል ነው ብለው ለይተዋል፤ እሑድ ቦዩ ተከፍቶ ውሃው ወርዷል፣ በሬው የሚታረደው ካሱ በእግሩ ሲሄድ ነው። ኦይታን ፍርድ ቤቱ በዋስ ይለቀው እንደሆነ አባቱ እየተመላለሱ ነው።

ረሺድ ሱቅ ገባሁ። «ሰዓቱን እንዴት እንዳወቅሽው ሰው ሁሉ ይገርመዋል» አለኝ። ከተማው ቱቦውን ያወጣሁት እኔ ነኝ ይላል። ዶክተር ወልደየሱስ ግን ነገሩን ከተስፋጽዮን ሰምተዋል። «ማውጣቱ የእሱ ነው፤ አለመመለሱ ግን የአንቺ ነው፣ እሱ ይከብዳል» አሉኝ። ይህን እቀበላለሁ። ማሽኑን አጥፋው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ዛሬም ቢሆን እላለሁ።

ሆኖም ካሱን ልቆጣው ሄድኩ። ቢታፈንስ? እኔ በዚያ ቅጽበት ባልኖርስ? አገኘሽ ገንፎ እያጎረሰችው ነበር። ለምን እንዲህ አደረግክ ብዬ አፈጠጥኩበት። ድምፁ ገና አልተመለሰም፤ ሻካራ ነው፣ አማርኛውም እንደ ብዙው የዚህ አገር ገጠር ሰው ሴትን ከወንድ አይለይም።

«ጠዋት ጠዋት ፊትህን አያለሁ» አለኝ። «ያ ሐሙስ ፊትህ ደስ ብሎታል፤ እኔ ትንፋሽ የለኝም። መናገር አልችልም፣ አፌ ቱቦ አለው። ኋላ ትንፋሼ መጣ። አሁን ደግሞ ፊትህ ፈራ። ሰኞ ትላለህ፣ ሰኞ ይመጣል፣ ሌላ ሰኞ ትላለህ። እኔ ስንት ሰኞ ልጠብቅህ?»

ሙባረካ መድኃኒት የምታዘጋጅ መስላ ጀርባዋን ሰጠችን፣ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። አገኘሽ ማንኪያውን እንደያዘች ቀረች። የምመልሰው ብዙ ነበረኝ፤ ስለ ሳንባው፣ ስለ ራጁ፣ ስለ መድኃኒቱ። 

«ፈርቼ ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለና አፉን ለገንፎው ከፈተ።